የወፍ በሽታ ከወፍ አይመጣም

(ስለ ጉበት ጤንነት በሬዲዮ የተነገረ)



ከአዲስ አበባ ተነሥቶ፥ የዓባይን በረሓ ተሻግሮ፥ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚጓዝ መንገደኛ ደምበጫንና ጅጋን ካለፈ በኋላ ፍኖተ ሰላም ይደርሳል፤ ከዚያም ማንኩሳን አልፎ ቡሬ ይገባል። በመንገዱ ግራና ቀኝ የሚታየው አገር በበቆሎው፥ በዳጉሳው፥ በጤፉና በበርበሬው የታወቀ ለም ምድር ነው። እንዲህ ያለውን አገር የሚመለከት ሰው «እህል በሞላበት ቤት በሽታ ምን ሥፍራ አለው?» ለማለት ይቃጣው ይሆናል። ነገር ግን በዚሁ አገር ዐይኑ ብጫ የሆነ፥ እጅና እግሩ ሰልሎ ሆዱ ብቻ የተነፋ ሰው በየመንደሩ አይታጣም። ዘመዶቹ ምን እንደ ያዘው ቢጠየቁ ብዙውን ጊዜ «የወፍ በሽታ ነው» ብለው ይመልሳሉ።

ይህ ስም ከየት እንደ መጣ አብዛኞቻችን ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተናል። የሌሊት ወፍ በሰው ላይ ስትበር ብታልፍ፥ ወይም ሽንቷ ቢያርፍበት፥ ያ ሰው ብጫ ይሆናል ተብሎ ይታመናል። እምነቱ ቢያዩት ጉዳት የሌለው ተረት ይመስላል፤ ጉዳቱ ግን ብዙ ነው። ምክንያቱም የበሽታ ስም ሰውን ወደ መከላከያው ይመራዋል፤ ወይም ከመከላከያው ያርቀዋል። ከወፍ የመጣ በሽታ እንደ ሆነ ማን ይጠነቀቀዋል? ማንስ ይከለክለዋል? ሌሊት የምትበረውን ወፍ ሊያግድ የሚችል ሰው የለም። ስለዚህ ሕመምተኛው ወደ ቅጠል ዐዋቂ ይሄዳል፤ ቤተ ሰቡም ምንም ሳይጠነቀቅ ይኖራል።

ቅጠል ዐዋቂው ምስጋና የሚያገኝበት ምክንያትም አለ። ዐይንን ብጫ ከሚያደርጉት በሽታዎች አንዱ በውኃና በምግብ የሚተላለፈው «ኤ» የተባለው የጉበት ቫይረስ ነው። ይህ ዓይነቱ አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በራሱ ይለቃል። ሕመምተኛው ቅጠል ቢጠጣም ባይጠጣም ይድናል፤ ዝናው ግን ለቅጠሉ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ሌላው፥ የማይለቀው ዓይነት የያዘው ሰው ያንኑ ዝና ሰምቶ ወደዚያው ይሄዳል፤ ጊዜውንም በከንቱ ያሳልፋል። ከሚጠጡት ቅጠሎች አንዳንዶቹ ራሳቸው ጉበትን የሚመርዙ ናቸው።

እንግዲህ ዛሬ ለመግለጽ የምንፈልገው ነገር ይህ ነው። የጉበት በሽታ ከሰማይ አይወርድም፤ በታወቁ በሮች ይገባል። እነዚህን በሮች ለመዝጋት የሚያስፈልገው ነገር ሁሉ ዛሬ ታውቋል፤ አብዛኛውም ርካሽ ነው። ሆኖም መዝጊያው ከሁሉ በፊት ሊደርሳቸው ለሚገባቸው ሰዎች ከሁሉ በኋላ ይደርሳል፤ ወይም ፈጽሞ አይደርሳቸውም። ይህን ለማስተካከል ከሐኪሙ ባላነሰ በመሥሪያ ቤት ወንበር ላይ የተቀመጠው ሰው ድርሻ አለው።

አስቀድሞ ስለ ጉበት ጥቂት ማወቅ ይገባል። ጉበት ከቀኝ ጎናችን የጎድን አጥንት በታች የሚገኝ፥ በዐዋቂ ሰው ላይ አንድ ኪሎ ተኩል ያህል የሚመዝን፥ ከውስጥ አካላችን ሁሉ ትልቁ ነው። ከምግብ የሚገኘውን ስኳር ተቀብሎ ያስቀምጣል፤ በሚያስፈልግም ጊዜ ለሰውነት ያካፍላል። ስብን የሚያሟሟውን ሐሞት ያዘጋጃል፤ ደም ሲፈስ የሚያረጉትን ነገሮች ይሠራል፤ መርዝንም ያጣራል። ባጭሩ የሰውነት ጎተራም፥ ግምጃ ቤትም፥ ኬላም እርሱ ነው። ክፋቱ ግን ጉበት ቶሎ የማይጮኽ አካል መሆኑ ነው። ብዙው ክፍሉ ተጎድቶ፥ ጠባሳ ይዞና ተኮማትሮ ሳለ እንኳ ባለቤቱ እያረሰና እየነገደ ሊኖር ይችላል። ሆድ ውኃ ሲቋጥርና ደም ማስመለስ ሲጀምር ግን ጊዜው አልፏል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል፤ በጉበት በሽታ ግን የሚደበቀው ሰውዬው ሳይሆን በሽታው ራሱ ነው። ስለዚህ ሳይታመሙ መመርመርና አስቀድሞ መከላከል ከሌላው በሽታ ይልቅ እዚህ ላይ ይበልጥ ያስፈልጋል።

የመጀመሪያው በር ደም ነው። «ቢ» የተባለው የጉበት ቫይረስ በደም፥ በሩካቤ ሥጋ፥ እንዲሁም በወሊድ ጊዜ ከእናት ወደ ልጅ ይተላለፋል። የዓለም የጤና ድርጅት በሰጠው ግምት እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም ላይ 254 ሚልዮን ሰዎች ይህን ቫይረስ በሰውነታቸው ይዘው ይኖሩ ነበር። በአገራችን ልዩ ልዩ ጥናቶችን አሰባስቦ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ግምገማ ከ100 ሰው 7 ያህሉ ተሸካሚ መሆኑን አመልክቷል። በአንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ 100 ሠራተኞች ቢኖሩ ይህ ቁጥር ምን ማለት እንደ ሆነ አንባቢ ራሱ ያስላው። በዚህ ጉዳይ የጎንደር ተወላጅ የነበሩት ታላቁ ሐኪም ፕሮፌሰር እደ ማርያም ጸጋ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በነበሩበት ዘመን ስለ ሥር ሰደድ የጉበት በሽታና ስለ ቫይረሱ ብዙ ምርምር አድርገው ጽፈዋል።

በገጠር ይህን በር የሚከፍተው ምላጭ ነው። የልጅ እንጥል ሲቆረጥ፥ ጆሮ ሲበሳ፥ አንገትና ድድ ሲነቀስ፥ ዋግምት ሲደረግና ሲበጣ፥ አንዱ ምላጭ ወይም አንዱ መርፌ ከአንዱ ልጅ ወደ ሌላው ያልፋል። ቫይረሱ ከሰውነት ውጭ ቢያንስ ለ7 ቀናት የመቆየት ኀይል ስላለው በጨርቅ የተጠረገ ምላጭ ንጹሕ ነው ማለት አይቻልም። በተለይ መታወቅ ያለበት የዕድሜ ጉዳይ ነው። ዐዋቂ ሰው በቫይረሱ ቢያዝ አብዛኛውን ጊዜ ሰውነቱ ተዋግቶ ያስወግደዋል፤ ሥር የሚሰድበት ከ100 ከ5 ባነሱት ላይ ነው። በተወለደ ጊዜ ወይም በመጀመሪያው ዓመቱ የተያዘ ሕፃን ግን ከ100 ወደ 90 በሚጠጋው ላይ ሥር ሰዶ ይቀራል፤ ከ30 ወይም ከ40 ዓመት በኋላም ገና በሥራ ዕድሜው ሳለ በጉበት መኮማተር ወይም በነቀርሳ ሊጥለው ይችላል።

ለዚህ በር የተገኘው መዝጊያ ክትባት ነው። በኢትዮጵያ ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ ሕፃናት በ6ኛው፥ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት የሚወስዱት አምስት በአንድ የሆነው ክትባት ይህንኑ መከላከያ ይዟል። የዓለም የጤና ድርጅት ደግሞ ሕፃኑ በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ የመጀመሪያውን እንዲወስድ ይመክራል፤ ከእናት የሚተላለፈውን የሚቀድመው ይህ ነውና። ከዚያ ዘመን በፊት የተወለድን ሁላችን ግን በሕፃንነታችን አልተከተብንም። ዐዋቂ ሰው ተመርምሮ ነጻ ቢሆን በ6 ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ በመከተብ ራሱን ሊጠብቅ ይችላል። ቫይረሱ የተገኘበትም ቢሆን ሐኪም ከተከታተለውና በጊዜው መድኃኒት ከጀመረ ረጅም ዕድሜ ሊኖር ይችላል። «ሲ» የተባለው ዘመዱ ክትባት ባይኖረውም ዛሬ በጥቂት ወራት ውስጥ በሚወሰድ ኪኒን ይድናል።

ሁለተኛው በር ውኃ ነው። በፍኖተ ሰላምና በአካባቢው ገጠር ልጆች ከብት የሚያጠጡት፥ ሴቶች ልብስ የሚያጥቡት፥ ገበሬውም መስኖ የሚጠልፈው ከወንዝ ነው። በዝግታ በሚፈስ ወይም በታቆረ ውኃ ውስጥ የሚኖር ትንሽ ቀንድ አውጣ አለ። የብልሃርዝያ ትል ከዚህ ቀንድ አውጣ ወጥቶ ውኃ ውስጥ የገባውን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። ትሉ የሚጥለው እንቁላል በደም ተወስዶ በጉበት ውስጥ ይቀበራል፤ የደሙን መተላለፊያ ይደፍናል፤ ጣፊያ ያብጣል፤ ሆድም ይነፋል። ሕዝቡ ግን ይህንንም ብዙ ጊዜ ከወፍ በሽታ ጋር ይቀላቅለዋል። በዚህ ነገር ኢትዮጵያዊው ሊቅ ዶክተር አክሊሉ ለማ የሚያኮራ ሥራ ሠርተዋል። እ.ኤ.አ. በ1964 ዐድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ፤ ከዚህም ተነሥተው እንዶድ ቀንድ አውጣን የሚገድል መሆኑን አስረዱ። ስለዚሁ ሥራ ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር እ.ኤ.አ. በ1989 ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብለዋል። እናቶቻችን በጓሮ የሚያበቅሉት ተክል ለሳይንስ መነሻ መሆኑን መርሳት አይገባም።

ትሉን ከሰውነት የሚያስወግድ ኪኒን አለ፤ ለተማሪዎችም በየትምህርት ቤቱ በዘመቻ ይታደላል። ነገር ግን መጸዳጃ ቤት ካልተሠራና እዳሪ ወደ ወንዝ መውረዱ ካልቀረ ዛሬ የዳነው ልጅ በሚቀጥለው በጋ ተመልሶ ይያዛል። የቆሸሸ ውኃ «ኢ» የተባለውንም የጉበት ቫይረስ ያመጣል፤ ይህም በተለይ የመውለጃ ጊዜያቸው የቀረበ ነፍሰ ጡር ሴቶችን የሚገድል ነው። ውኃን አፍልቶ መጠጣት ቀላል ምክር ነው፤ ማገዶ በራስዋ ተሸክማ ለምታመጣ ሴት ግን ቀላል አይደለም። ስለዚህ ንጹሕ ምንጭ ማጎልበት ከምክሩ ይቀድማል።

ሦስተኛው በር እህል ነው። ለቡሬና ለጃቢ ጠህናን አገር ይህ ነገር ይበልጥ ሊታሰብበት ይገባል። በቆሎ ሳይደርቅ ቢከመር፥ በርበሬም በእርጥብ መሬት ላይ ቢሰጣ፥ ሻጋታ ይይዘዋል። ከሻጋታው አንዱ ዓይነት አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያመነጫል። መርዙ መጀመሪያ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1960 በእንግሊዝ አገር የተበላሸ የለውዝ ፋጉሎ የበሉ ከ100,000 የሚበልጡ የቱርክ ዶሮዎች ባለቁ ጊዜ ነው። በጎረቤታችን በኬንያም እ.ኤ.አ. በ2004 የሻገተ በቆሎ ከበሉ 317 ሕመምተኞች መካከል 125 ሞተዋል። በትንሽ በትንሹ ለብዙ ዓመት የተበላ እንደ ሆነ ደግሞ የጉበት ነቀርሳ ያመጣል፤ «ቢ» ቫይረስ ባለበት ሰው ላይማ አደጋው ብዙ እጥፍ ይሆናል። ምላጩና ጎተራው በአንድ ሰው ላይ ሲያብሩ እንዲህ ነው።

መታወቅ ያለበት መቀቀልም ሆነ መቁላት ይህን መርዝ ጨርሶ የማያጠፋው መሆኑ ነው። በብዙ ቤት የሻገተው እህል አይጣልም፤ ታጥቦና ተቆልቶ ለጠላ ይሆናል፤ ወይም ለላም ይሰጣል፤ መርዙም በወተቱ ተመልሶ ወደ ልጁ ይደርሳል። መከላከያው ከባድ አይደለም። በቆሎውን በመሬት ላይ ሳይሆን በሸራ ላይ ማስጣት፥ ጥርስ ሲሉት ጠጣር እስኪሆን ማድረቅ፥ የተሰበረውንና የሻገተውን መልቀም፥ ጎተራውን ከመሬት ከፍ ማድረግ፥ ወይም አየር በማያስገባ ድርብ ከረጢት ማስቀመጥ ነው። እህል ጉበትን ሊጎዳ እንደሚችል በአገራችን የታየ ሌላም ምስክር አለ። በሰሜን ምዕራብ ትግራይ በታሕታይ ቆራሮ ወረዳ እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ ብዙ ገበሬዎችን በሆድ መነፋት የገደለው በሽታ ለረጅም ጊዜ ምሥጢር ሆኖ ቆየ፤ በኋላ ተመራማሪዎች ሲደርሱበት ከእህል ጋር የተቀላቀለ መርዛም አረም ሆኖ ተገኘ።

አራተኛው በር ዋንጫ ነው። አረቄና ጠላ ለጉበት ምን እንደሚያደርጉ ያልሰማ ሰው ስለሌለ ነገሩን አናረዝምም። ይህን ብቻ እንላለን፤ ቫይረሱ ላለበት ሰው ለሌላው ትንሽ የሆነው መጠን ለእርሱ ብዙ ነው።

አምስተኛው በር ሰውነት ምግብን የሚጠቀምበት ሥርዓት መዛባት ነው። ይህ በከተማና በገጠር ሁለት መልክ አለው። በከተማ ቀኑን በወንበር ላይ የሚያሳልፍ፥ ሻዩን በብዙ ስኳር የሚጠጣና ወገቡ እየሰፋ የሚሄድ ሰው ጉበቱ ስብ ይጭናል፤ ደሙ ስኳር ያበዛል። አረቄ በአፉ ያልዞረ ሰው እንኳ በዚህ መንገድ ጉበቱ ሊኮማተር ይችላል። በሳምንት 150 ደቂቃ ፈጠን ብሎ መራመድ የዓለም የጤና ድርጅት ምክር ነው፤ ከቤት እስከ መሥሪያ ቤት በእግር መሄድ ይህን ይሞላል። በገጠር ግን የስኳር በሽታ የሚይዘው ብዙውን ጊዜ ቀጭኑን፥ በልጅነቱ ተርቦ ያደገውን፥ በሞፈር ሥር የሚውለውን ወጣት ነው። የጎንደር ሐኪሞች በዙሪያቸው ባለው ገጠር ይህን ለብዙ ዓመታት አይተው መስክረዋል። ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽንም እ.ኤ.አ. በ2025 ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘውን የስኳር በሽታ 5ኛ ዓይነት ብሎ ተቀብሎታል። ስለዚህ «ስኳር የባለጠጋ በሽታ ነው» የሚለው አነጋገር እንደ ወፉ ተረት መተው ይገባዋል። እንዲህ ያለው ወጣት ውኃ ውኃ እያለውና እየከሳ ሲሄድ ሳይመረመር ቢቀር ኢንሱሊን ሳያገኝ ይሞታል።

እንግዲህ በሮቹን አይተናል። አሁን በእነዚህ በሮች ሁሉ ፊት ባንድነት የቆመው ማን እንደ ሆነ እንመልከት።

በምሳሌ እንናገር። ከቡሬ ከተማ ዳር ባለ አንድ መንደር የምትኖር ሸክላ ሠሪ አለች እንበል። አፈሩን ከወንዝ ዳር ስትቆፍርና ስታቦካ እግሯ ከውኃ አይወጣም። በገበያ የምትሸምተው ገንዘቧ የሚበቃውን እህል ነው፤ ርካሹ ደግሞ የሻገተው ነው። ልጇን የምትወልደው በቤቷ ነው፤ ወደ ጤና ጣቢያ ብትሄድ ወረፋ ላይ የቆሙት «ቡዳ» ብለው ይሸሿታልና። ልጆቿን የሚበጣው ያው አንዱ ምላጭ ነው። ስትታመም «የወፍ በሽታ» ይባላል። ይህች ሴት ያላወቀችው ነገር ስላለ ብቻ አልታመመችም፤ የሚያውቁት ስላልደረሱላት ጭምር ነው። ፋቂው፥ ቀጥቃጩ፥ ሸማኔው፥ በጣና ዙሪያ የሚኖረው የወይጦ ወገን፥ ለመኸር ከቦታ ቦታ የሚዞረው የቀን ሠራተኛ ሁሉ ታሪካቸው ከዚህ ብዙ አይርቅም።

ይህ የእኛ አገር ነውር ብቻ አይደለም። በአውሮፓ ሮማ የሚባሉ ሕዝቦች ለብዙ መቶ ዓመታት ከሌላው ተለይተው፥ እየተናቁና እየተገፉ ኖረዋል። በምሥራቅ ስሎቫኪያ እ.ኤ.አ. በ2011 የተደረገ ጥናት በመንደራቸው ከተመረመሩት ሮማዎች መካከል ከ100 12 ያህሉ «ቢ» ቫይረስ እንዳለባቸው ሲያሳይ፥ በጎረቤቶቻቸው ላይ የተገኘው ግን ከ100 ከ3 ያነሰ ነበር። በአንድ ወረዳ፥ በአንድ ሰማይ ሥር የሚኖሩ ሰዎች ናቸው። ልዩነቱን ያመጣው የአኗኗር ጥበትና የአገልግሎት መራቅ ነው እንጂ የዘር ጉዳይ አይደለም። በእኛም አገር ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጁን በሥራው የሚሰድብ እንዳይኖር በዐዋጅ ከልክለው ነበር። ዐዋጁ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው፤ ሥራው ግን ገና አላለቀም።

ክቡር አንባቢ፤ «ታዲያ እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ምን ላድርግ?» ይሉ ይሆናል። በእጅዎ ያለው ብዙ ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በሙከራ ሲጀመር ከተመረጡት ወረዳዎች አንዱ ደቡብ አቸፈር ነበር፤ ይህም በጊዜው የምዕራብ ጎጃም ወረዳ ነበር። መክፈል ለማይችለው የድሀ ድሀ መንግሥት እንዲከፍልለት ሥርዓት ተሠርቷል። ነገር ግን ስሙን የሚጽፈው ቀበሌ ነው፤ የሚያጸድቀውም ጸሐፊ ነው። «ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች» እንደ ተባለው፥ ለሌላው ገንቦ የሠራችው ሴት ስም ከመዝገቡ ቢጎድል፥ መጉደሉን ሊያይ የሚችለው ወረቀቱን የያዘው ሰው ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ የጎበኘቻቸው ቤቶች ዝርዝር ሲቀርብልዎ «ከመንደሩ ዳር ያሉትስ?» ብሎ መጠየቅ ምንም በጀት አይጠይቅም። የምንጭ ማጎልበቻ ገንዘብ ሲደለደል፥ የእህል ማድረቂያ ሸራና ከረጢት ሲታደል፥ ክትባት የሚሰጥበት ቀንና ቦታ ሲወሰን፥ እንዲሁ ነው። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የተነሣው ግጭት የጤና አገልግሎቱን ክፉኛ ጎድቶታል፤ አገልግሎት ሲያጥር ደግሞ መጀመሪያ የሚቀርበት ያው ዳር ያለው ሰው በመሆኑ ጥንቃቄው ሊጨምር እንጂ ሊቀንስ አይገባም።

ከመሥሪያ ቤት ወጥተው ቤትዎ ሲገቡም ይህ ጉዳይ ይከተልዎታል። እንጀራ የምትጋግረው የቤት ሠራተኛ፥ በር የሚጠብቀው ዘበኛ፥ ብዙዎቹ ከዚያው ገጠር የመጡ ናቸው። እርስዎና ልጆችዎ ሲመረመሩ እነርሱንም ያስመርምሩ፤ ሲከተቡ ያስከትቡ። ቫይረሱ ቢገኝባቸው ከሥራ አያስወጡ። በአንድ መሶብ በመብላት፥ በመጨባበጥ፥ አንዱ የጠጣበትን ብርጭቆ ሌላው በመንካት አይተላለፍምና፤ ሰሐን መለየት ሰውን ከማዋረድ በቀር የሚጠቅመው ነገር የለም። ምላጭና የጥርስ ብሩሽ ግን ለየራስ ይሁን።

በመጨረሻም ለበዓል ወይም ለሐዘን ወደ ትውልድ አገርዎ ሲወርዱ ሽማግሌው «እገሌን እኮ የወፍ በሽታ ያዘው» ቢሉዎ፥ ሥቀው አይለፉ፤ ሽማግሌውንም አያዋርዱ። አጠገባቸው ቁጭ ብለው፥ ምላጩን፥ ውኃውን፥ ጎተራውንና ዋንጫውን አንድ ባንድ ይንገሯቸው፤ ሕመምተኛውንም ቡሬ ወይም ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል እንዲወስዱት ያግዙ። ወፏን ለቀቅ አድርገን በሮቹን መዝጋት የጀመርን ዕለት፥ ዛሬ የሚወለደው የሸክላ ሠሪዋ ልጅ በ40 ዓመቱ ሆዱ ተነፍቶ አይተኛም፤ የራሱን ልጆች ያሳድጋል።